ሰራን

የከተማው ስም ሰራን ነው።
እነሱ ሲጠሩት ስም ነው፤ እኔ ስሰማው ግስ ነው፣
ያውም ያለፈ ጊዜ።
ምድጃው ከጠፋ ወዲህ፣ ሜዝ ወንዝ ዳር፣ በትካዜ፣
«ሠራን፣ ሠርተን ነበር» የሚል የሽማግሌ ኑዛዜ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ከሰል ይከማችበት በነበረው ምድር ቤት
ስድስት ሲንጀር፣ አንድ ካውያ፣ የክር መደርደሪያ አለበት።
በሩ ላይ በኖራ ተጽፏል፦ «የጣቢታ ቤት»፤
ያቺ ኢዮጴ ላይ የሞተች፣ ባልቴቶች እያለቀሱላት
የሰፋችውን ቀሚስ ሁሉ ለጴጥሮስ ያሳዩላት።

እኔ ማክሰኞና ዓርብ ማታ የዚያ ቤት ሒሳብ ያዥ ነኝ።
«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ተብሎ ሲነበብ አንገቴን አቀረቅራለሁ፤
ግራኝ ነኝና፣ በልጅነቴ በአለንጋ ያልተቃናሁ፣
የምጽዋቱን ሁሉ ቁጥር በዚያችው እጅ እጽፋለሁ።
መቼም የምታውቅ አንዲት ግራ ከየቤቱ አትጠፋም፤
ክር በጸሎት አይገዛም፣ መብራትም በእምነት አይበራም።

ኦዴት የመጣች ዕለት ዝናብ ነበር።
አባቷን ብረቱ የበላባት፣ ባሏን የብረቱ መዘጋት፤
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቢሮ አጥባ
በአንዲት ገጽ ደብዳቤ የተሸኘች፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ሥር ቆመች።
እህት ጎድሊቭ ሾርባ አቀረበች፤ «አልጠጣም» አለች።
ሹራብ አወጣች፤ «አልለብስም» አለች።
«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» መነኩሲቷን ግራ ገባት፤
ግራ ነገር የኔ ሙያ ነውና ቀና ብዬ አየኋት።
«ስጦታ ጠግቤያለሁ» አለች፣ «ስጦታ አፍ ያስይዛል።
ዕዳ ስጡኝ።
ዕዳ ያለበት ሰው ቢያንስ በወሩ ይፈለጋል።»

ጻፍኩ፦ አንድ ሲንጀር፣ መቶ ሰማንያ ዩሮ፣ በየወሩ አሥራ አምስት።
ወለድ የለም።
ጻፍኩ፦ የተሰበረ መርፌ፣ ሰባት።
ካሎጄሮ ነው ያስተማራት፤ ማዕድን ሳንባውን የጨረሰው፣
ከጉድጓድ ወጥቶ በሰማንያ ዓመቱ ጨርቅ የሚያለሰልሰው።
«አትጎትቺው» ይላታል እያሳለ፣ «መንገዱን ራሱ ያውቃል»፤
እሷ ትጎትታለች፣
መርፌው ይሰበራል፣
እኔ ስምንት ብዬ እጽፋለሁ።

ሁሉም አልመለሰም፤ ይህንንም ልናገር።
ዝድራቭኮ ማሽኑን ተሸክሞ ወጣ፣ ሸጦት ጠፋ ከአገር።
በቀይ ልሰርዘው ብዕር ሳነሣ እህት ጎድሊቭ እጄን ያዘችና
«ተወው፣ ባዶ ቦታ ተውለት» አለች፣ «ይመጣል ይሆናል ገና።»
ሦስት ዓመት ሆነው። መስመሩ እንደ ነጣ አለ።

ኦዴት ግን ዚፕ ያዘች። ሌላው የማይወደውን፣ ጥርሱ የሚሸሸውን ዚፕ፤
የአውቶቡስ ሾፌር ጃኬት፣ የተማሪ ቦርሳ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሱሪ፣
አንድ ጊዜም የሬሳ ሣጥን አጃቢ የለበሰው ጥቁር ኮት፤
ቀብሩ ለአሥር ሰዓት ነበርና በስምንት ተኩል አደረሰችለት።

በጥር ገንዘብ ሰጪዎች ከብራስልስ መጡ፣ ካሜራ ይዘው።
«እስቲ ፈገግ በይ» አሏት።
ስፒል በጥርሷ እንደ ነከሰች ራሷን ነቀነቀች።
ሲንጀሩን ብቻ አንስተው ሄዱ።

የመጨረሻዋን አሥራ አምስት ያመጣች ዕለት ግን
ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች።
«ደረሰኝ» አለች። «ሙሉ ስሜን። የአባቴንም ጨምር።»
ጻፍኩላት፣ ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል።
ግራኝ ሲጽፍ መዳፉ ከኋላ ይከተላል፣
ቀለሙ ሳይደርቅ እላዩ ላይ ያልፋል፤
ስሟ ተገልብጦ ከእጄ ጠርዝ ላይ ቀረ፣ ሰማያዊ።
ደረሰኙን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች፤
«በሚቀጥለው ወር» አለች፣ «ሌላ ዕዳ። ለጎረቤቴ ልጅ።»

ማታ አውቶቡሱ ሲቆም ድምፅ ማጉያው የከተማውን ስም ጠራ፤
ማንም ቀና አላለም።
እኔ ብቻ፣ በአፌ፣ «አዎ» አልኩ፤
ግራዬን ኪሴ ከተትኩ፣
ቤቴም ስገባ አልታጠብኩ።